የአኒሞኒዋ አሟሟት

ፀጉር አስተካካዩ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ገንዳው ላይ ነው። ሶፋው እንኳ የዞረው ወደ ገንዳው ነው፤ ቴሌቪዥኑ እንዳኮረፈ ዘመድ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ገንዳው ከመስታወት የተሠራ፣ አንድ ጎልማሳ እግሩን አጠፍ አድርጎ ሊተኛበት የሚችል ነው። ውሃው የባሕር ውሃ ይባላል እንጂ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ሰውዬው ራሱ በባልዲ ጨው በጥብጦ፣ ለክቶ፣ አሙቆ የሚሠራው ነው። ከታች ድንጋይ ተቆልሏል፤ ድንጋዩ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ኮራል ተለጥፎ አድጓል። የቤቱ ዋና ግን አኒሞኒዋ ነበረች።

አኒሞኒ ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። አበባ ትመስላለች፤ አበባ ግን አይደለችም፤ እንስሳ ናት። እግሯን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ወትፋ፣ ጫፋቸው ያበጠ ብዙ ጣቶቿን ዘርግታ ከውሃው ጋር ስትወዛወዝ ትውላለች። ጣቶቿ ይናደፋሉ፤ ባዕድ ዓሣ ጠጋ ቢል ወዮለት። ሁለቱ ክላውንፊሾች ግን፣ እነዚያ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁት፣ ቤታቸው እሷው ናት። እሷ መሃል ይተኛሉ፣ እሷ መሃል ይጣላሉ፣ የተጣለላቸውን ምግብ እንኳ ነጥቀው ወስደው እሷን ያጎርሷታል። ትልቋ ሴቷ ናት፤ ትንሹ ባሏ ነው። ባል ሆዬ ትንሽ ቀደም ቀደም ካለ በግንባሯ ገፋ ታደርገዋለች፤ እሱም ጎኑን ሰጥቶ እየተንቀጠቀጠ ይለማመጣታል።

«ያው የእኛው ቤት ነው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ ለእንግዳ።

«ምነው በሆነ!» ትላለች ሚስቱ ከማድቤት።

አማቱ ጉልበታቸውን አሟቸው ከልጃቸው ጋር ለመኖር ሲመጡ፣ ገንዳው ፊት ለፊት ያለው የሶፋው ጥግ የእሳቸው ሆነ። ሹራባቸውን ይዘው ጠዋት ይቀመጣሉ፤ መብራቱ ሲበራ «እንደምን አደራችሁ ሙሽሮች» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አያልቅም።

«ዛሬ ደግሞ ምን አድርጓት ነው እንዲህ የምታባርረው?»

«ዓመሏ ነው እማማ።»

«አይ፣ አንድ ነገር ብሏት ነው። ወንድ ዝም ብሎ አይባረርም።»

ሰውዬው ይስቃል። ስለ ጨው ልኩ፣ ስለ መብራቱ፣ ኮራሉ ለምን ማታ ማታ እንደሚሸበሸብ ቢያወራ ሚስቱ ታዛጋለች፤ አማቱ ግን መርፌያቸውን አቁመው ያዳምጡታል፤ ያልገባቸውን ይጠይቁታል፤ በማግስቱም ያስታውሱታል። አማትና አማች እንዲህ ሲዋደዱ ጎረቤት ሳይቀር ይገርመው ነበር።

እንዲህ ያለ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ይፈላለጋሉ። በስልክ አንድ ቡድን አላቸው፤ አንዳንድ እሑድ ደግሞ ተራ በተራ ቤት ለቤት ይጠያየቃሉ። ሚስትየው «የጨው ማኅበር» ብላቸዋለች። ኤሌክትሪሻኑ አለ፣ ቀልደኛው። ነርሷ አለች። ጡረተኛው መምህር አሉ። ሌሎችም አሉ። ከሁሉም መሃል አዋቂ የሚባለው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ወደ እሱ ይላካል። እሱም ለጀማሪ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ነገር አለችው።

«አኒሞኒ ትሄዳለች» ይላል። «አበባ መስላህ እንዳትሸወድ። ቦታው ካልተመቻት እግሯን ነቅላ ትሄዳለች። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ አፉ ክፍት ከሆነ ይስባታል፤ ከሳባት በኋላ አኒሞኒ የለህም፣ ያለህ የተፈጨ መርዝ ነው። ስለዚህ ፓምፑን በስፖንጅ ሳትሸፍን እሷን ቤትህ አታስገባ።»

ይህን ስንት ጊዜ ተናግሮታል መሰላችሁ! ኤሌክትሪሻኑ ድምፁን አስመስሎ እስኪቀልድበት ድረስ።

አንድ ቀን ለአዲስ ኮራል ቦታ ሊያበጅ ብሎ ድንጋዮቹን አነሣ ጣለ፤ ገንዳውን ጠራረገ። በማግስቱ ለምሳ ወደ ቤቱ መጣ። በሩን ሲከፍት የቤት ሽቶ ጠረን ተቀበለው፤ ከሽቶው ሥር ደግሞ ሌላ ጠረን አለ፣ የበሰበሰ ነገር። ቀና ሲል ገንዳው ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሏል። አማቱ መሃል ቤት ቆመዋል። እጃቸው ላይ የሽቶው ቆርቆሮ አለ።

«ምንድን ነው የነፉት እማማ?»

«ሽቶ ነው ልጄ፤ እኔማ መጀመሪያ...»

«ገንዳው አጠገብ? ሽቶ ገንዳው አጠገብ?»

«መጀመሪያ እኮ...»

«ገደሏት! ገደሏት በቃ!»

እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ውሃው ውስጥ ከተተ። ያቺ እንደ አበባ ስትዘረጋ የነበረች ፍጡር ፓምፑ አፍ ላይ ተጠቅልላ ብጥስጥስ ብላ ነበር። ሽቶው አደንዝዞ ከድንጋዩ አላቀቃት፣ ከዚያ ፓምፑ ሳባት፤ በአንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ደመደመ። የፓምፑ ስፖንጅ የለም፤ በግርግሩ የወደቀ መሰለው። አንድ እጁ እየተንጠባጠበ በሌላው ስልኩን አነሣና ለቡድኑ በድምፅ ተናገረ፦

«ድረሱልኝ! አማቴ ሽቶ ነፍተው አኒሞኒዋን ገደሉብኝ! ውሃው ነጭ ሆኗል፣ ዓሦቹ ሊያልቁብኝ ነው፤ የተዘጋጀ የጨው ውሃ ያለው ሰው ቶሎ ይምጣ!»

አማቱ ይህን ቆመው ሰሙ። ቆርቆሮውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው ያዛውሩታል። ከዚያ ጨርቅ አምጥተው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው በርከክ ብለው፣ ከእሱ ክንድ ወለሉ ላይ የሚፈሰውን ይወለውሉ ጀመር።

የጨው ማኅበር ጄሪካኑን ተሸክሞ ደረሰ። ውሃው ተቀዳ፣ ተለወጠ፣ እንደገና ተቀዳ። ፓምፑ ታጥቦ አዲስ ስፖንጅ ለበሰ። ዓሦቹና ኮራሉ ተረፉ። አኒሞኒዋ በላስቲክ ተቋጥራ ወጣች። ኤሌክትሪሻኑ ሲወጣ «እማማ፣ ሽቶው ምን ዓይነት ነው? ለሚስቴ ወንድም እፈልገው ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሰውዬውም ከድካሙ ብዛት ሳቀ።

ሚስቱ ማታ ስትመጣ ቡድኑ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሰምታ ነበር።

«የእናቴን ስም በስልክ አጠፋህ?»

«ተደናግጬ ነው። ደግሞስ ውሸት ተናገርኩ?»

«እሱን አላልኩህም» አለችና ትራሷን ገልብጣ ተኛች።

ሁለቱ ክላውንፊሾች ቤት አጥተው ጥቂት ከዋለሉ በኋላ ስፖንጁ ላይ ተለጠፉ። ቤታቸውን የበላው ፓምፕ ሥር ያድሩ ጀመር።

ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፤ እጁ ሲሠራ አፉም ይሠራል። ታሪኳን ለአንዱ ደንበኛ አወራ፤ ደንበኛው ሳቀ። ለሌላው ሲያወራ ትንሽ ጨመረባት። አማቱ ቆርቆሮውን እንዴት እንደያዙ በመላጫው ያሳያል፤ በአፉ «ፍስስስ» ይላል። በኋላማ አማቱ «ዓሦቹ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ» ብለው ሽታቸውን ሊያጠፉ ገንዳው ውስጥ ነፉ ተባለ። ይህን ማንም አላለም፤ እሱ ነው የፈጠረው። ግን ታስቃለች፤ የሚያስቅ ነገር ደግሞ አፍ ላይ ከወጣ መመለሻ የለውም። ደንበኞቹ ለጓደኞቻቸው ወሰዷት፤ ጓደኞቻቸው «እስቲ ያቺን የአማትህን» እያሉ ይመጡ ጀመር።

አንድ ቀን ይህንኑ ሲያወራ ሱቁ ሙሉ ነበር። ወንበሩ ላይ ያለው ወፍራም ሹፌር ሆዱ ጨርቁ ሥር እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። «ፍስስስ!» ብሎ ሲዞር አማቱ በሩ ላይ ቆመዋል። መነጽሩን ይዘው ነው የመጡት፤ ረስቶት ወጥቶ ነበር።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና «እሳቸው ናቸው እንዴ?» አለ። «እማማ፣ ለእኔም ትንሽ ይንፉልኝ፤ ሚስቴ ሸተትከኝ ትለኛለች!»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። አማቱም አብረው ሳቁ፤ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸፍነው። «መነጽርህን ነው...» አሉ፤ መደርደሪያው ላይ አኖሩት። እያነከሱ ወጡ።

«ተጫዋች ናቸው እሳቸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ወዲህ አማቱ ሶፋው ላይ አልተቀመጡም። ኮሪደሩ ላይ አንዲት በርጩማ አገኙ፤ ሹራባቸውን እዚያ ይሠራሉ። ለሙሽሮቹ ሰላምታ ቀረ። ሽቶ የተባለ ከቤቱ ወጣ። ይህን ሁሉ ሰውዬው «ይረሱታል» እያለ አለፈው። አንድ ጠዋት ግን አካሄዳቸው ብሶ አየ።

«ጉልበትዎን ምን ሆኑ እማማ? ቅባቱን አይቀቡትም?»

«ትቼዋለሁ ልጄ። ይሸታላ።»

«ቢሸትስ?»

«ወደ ውሃው እንዳይገባ ብዬ ነዋ» አሉ። ይህን ያሉት ቀና ሳይሉ ነው።

«አይ፣ ያ እንኳ ግድ የለውም» ብሎ አጉረመረመና ወደ ሥራው ሄደ። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ቡና ቤት ያለ ሰው ሒሳብ እንደሚጠይቅ በቀዘቀዘ ድምፅ «እናቴ ሰኞ ወንድሜ ጋ ትሄዳለች» አለችው።

«ለምን? ወንድምሽ ቤት አምስተኛ ፎቅ አይደለም እንዴ? ሊፍትም የለው።»

«ለምን ትለኛለህ?» አለችው።

ሐሙስ ዕለት ነው እንግዲህ ነገሩ የተገለጠው። ሱቁን አብሮት የያዘው ሰው ቀጭኑ ይባላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ቀጭኑ የአንድ ደንበኛ አንገት ላይ የቀረውን ብጥስጣሽ ፀጉር በአንዲት ጥቁር ስፖንጅ እየጠረገ ነበር።

«ስማ» አለው፣ «ይቺን ስፖንጅ ከየት ነው ያመጣሃት? ሌላም ካለ አምጣ። ፀጉር እንደሷ የሚለቅም አላየሁም።»

ፀጉር አስተካካዩ ዘወር አለ። ስፖንጇ ክብ ናት። መሃሏ የፓምፕ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው።

«የት አገኘሃት?»

«የራስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ፎጣዎቹ ሥር። ቆየች እኮ። ምነው፣ ለራስህ የደበቅካት ናት?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ታየው። ሚስቱ የዓሣ ንፍጥ ሳህን ማጠቢያዬ ውስጥ አይታጠብም ስላለች፣ ስፖንጁ በቆሸሸ ቁጥር በላስቲክ ቋጥሮ ወደ ሱቅ ያመጣውና ደንበኛ ሲጠፋ በራስ ማጠቢያው ያጥበዋል። ድንጋዮቹን ያነሣሣ ቀን አውልቆ አመጣው። አጠበው። እንዲንጠፈጠፍ አስቀመጠው። ወዲያው አንድ የኳስ ቡድን ሙሉ ተንጋግቶ ገባ፤ ሁሉም እንደ አጥቂያቸው ካልተቆረጥን አሉ፤ ሲመሽ እጁ ዝሎ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። አኒሞኒዋ ድንጋይዋ ተነክቶባት ሌሊቱን እግሯን ነቀለች። ሄደች። ፓምፑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

«አኒሞኒ ትሄዳለች» ሲል የኖረው እሱ ነው።

ስፖንጇን ከቀጭኑ እጅ ቀማና መሳቢያ ውስጥ ምላጮቹ ሥር ቀበራት። ቀጭኑ ቀኑን ሙሉ «የት አባቷ ሄደች?» እያለ ሲፈልጋት ዋለ፤ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ፊቱ ያለው መስታወት ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ከፊቱ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ደንበኛ ባጎነበሰ ቁጥር የራሱን ፊት ያያል። በሐፍረት ጆሮው ቀልቷል።

ያን ማታ ልናገር ብሎ ነበር ቤቱ የገባው። አማቱ በርጩማቸው ላይ ናቸው። «እማማ...» አለ። «ወይ ልጄ» ብለው ቀና ሲሉ ያ የሹፌሩ ሳቅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ፤ ያ «ፍስስስ» ጮኸ። አሁን ይህን ቢናገር ያ ሁሉ ሳቅ ወዴት ይሄዳል? ማኅበሩስ? ጀማሪ ሁሉ የሚላክለት አዋቂስ? «እራት በልተዋል?» አላቸው።

«በልቻለሁ፣ ተባረክ።»

ዓርብ ዕለት ሻርፕ ገዛላቸው፤ ለስላሳ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሱቅ ውስጥ ካሉት ምርጡን። ሲሰጣቸው ትከሻቸው ላይ ደርበውት ሳሙት።

«እኔስ ይቅር ያልከኝ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። «አሁን አንጀቴ ራሰ። አሁን ብሄድም ሰላም ነኝ።»

ሰው ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሲቀበል፣ ያንንም ከአጥፊው እጅ፣ ማየት ምን ይመስላል? እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ራሴን አመመኝ ብሎ ወደ መኝታው ገባ፤ ሚስቱ በጨለማው ውስጥ ከጎኑ ተኝታ እንዳልተኛች ያውቃል፤ እሷም እንዳልተኛ ታውቃለች።

እሑድ ተራው የእሱ ቤት ነበር። የጨው ማኅበር መጣ። ነርሷ ውሃ የሞላ ላስቲክ አቅፋለች፤ ውስጡ አንዲት ትንሽ አኒሞኒ ተኮማትራለች።

«የእኔዋ ለሁለት ተከፈለች» አለች። «አንዷ ላንተ ትሁን አልኩ። ከእንግዲህ ሐዘን ይብቃ።»

ላስቲኩን ሙቀቱን እስኪለምድ ገንዳው ላይ አንሳፈፉት። ኤሌክትሪሻኑ እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጎ ለፈፈ።

«ማሳሰቢያ! ማሳሰቢያ! ከመግባታችሁ በፊት የሽቶ ፍተሻ ይደረጋል! እማማን ክፍላቸው ቆልፉልኝ!»

ሳቁ። ጡረተኛው መምህር እንኳ ፂማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ አማቱ የሻይ ትሪ ይዘው ከኮሪደሩ ብቅ አሉ። አዲሱን ሻርፕ ለብሰዋል። ሳሎኑ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ደፉን አልተሻገሩም።

«እንኩ፣ ተቀበሉኝ» አሉ ትሪውን ወደ ውስጥ ዘርግተው። «እኔ አልገባም። እጄ ሳሙና ነክቶ ነበር።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ኤሌክትሪሻኑ ብቻ «ጎሽ፣ ተምረዋል!» አለ።

«ዝም በል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ድምፁ እንግዳ ስለነበር ሁሉም ዘወር አሉ። እሱ ማንንም አያይም፤ ገንዳውን ነው የሚያየው።

«ፓምፑ ስፖንጅ አልነበረውም» አለ።

«የቱ ፓምፕ?» አሉ መምህሩ።

«የእኔ። አኒሞኒዋ የሞተች ዕለት። ላጥብ ብዬ አውልቄ ሱቅ ወስጄው እዚያው ረሳሁት። ሄዳ ገባችበት። ሽቶ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ትቀልዳለህ» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «አንተ? ‹አኒሞኒ ትሄዳለች› አንተ?»

«እኔ።»

ነርሷ ላስቲኩን በጣቷ ያዝ አደረገች። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ ሰው ሊረሳ ይችላል፤ ድንጋጤ ነው ይባላል። ይህን ግን አይረሳም። «ረስቻለሁ» ለማለት አፉ ተከፍቶ ነበር፤ አላለውም።

«ሐሙስ» አለ።

«ሐሙስ?» ያለችው ሚስቱ ናት። ትሪውን ከእናቷ ተቀብላ እንደያዘች ቆማለች። ዓይኗ ወደ እናቷ ትከሻ ሄደ። «ሐሙስ አውቀህ ዓርብ ሻርፕ ገዛህ?»

አማቱ ሻርፑን ከትከሻቸው አወረዱ። ቀስ ብለው አጠፉት፤ ልጃቸው በያዘችው ትሪ ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አኖሩት። ከዚያ ደፉን ተሻግረው ገቡና ሶፋው ላይ፣ የድሮ ጥጋቸው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ መጀመሪያ ሸተተኝ» አሉ። «ከክፍሌ ስወጣ ቤቱ ሸቷል። የሞተ አይጥ መስሎኝ ሶፋ ሥር ሁሉ አየሁ። ከዚያ ነው ሽቶውን ያነሣሁት። ልነግርህ ነበር። ‹መጀመሪያ› አልኩህ፤ ሁለት ጊዜ አልኩህ።»

«ብለውኛል እማማ።»

«ከዚያ ስልኩን አነሣህ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ‹አይደለም› ብል የልጄን ባል በገዛ ቤቱ ውሸታም ማድረግ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እኔም ማመን ጀመርኩ። እሱ የሚያውቀውን ያውቃል፣ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሼ ጨርሻት ይሆናል አልኩ። ሌሊት ሌሊት እሱን ሳስብ...»

ሰውዬው ካለበት ተነሥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ፤ ጉልበታቸውን ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ኧረ ልቀቀኝ! እሱን አትያዘው፣ እሱ ነው የሚያመኝ!»

ነርሷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። አማቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸው፤ ግን አልሳቁም።

«ይቅርታው ግድ የለም» አሉ። «እሱ የቤት ነው፣ እኔና አንተ እንጨርሰዋለን። ወሬው ግን ቤት ውስጥ የለም። ወሬው ውጭ ነው። ሱቅህ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ምን ያህል እንደሚያስቅ። ነገ ልሄድ ነበር፤ አልሄድም። አጥፍታ ተባረረች ተብዬ ደረጃ አልወጣም። ለሰማው ሰው ሁሉ ትነግራለህ። ያን ጊዜ መሄዴንም መቅረቴንም እኔ ራሴ አውቃለሁ።»

«እነግራለሁ።»

«ለእነዚህ ነግረሃል። ቀርቷል።»

አዲሷን አኒሞኒ ድንጋይ ላይ ያኖሯት መምህሩ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ገና ከወለሉ አልተነሣም ነበር። ሙሽሮቹ ዘወር ብለውም አላዩዋት፤ ከስፖንጃቸው አልተነቃነቁም። ማኅበሩ ሻዩን ሳይጨርስ ተራ በተራ ሥራ እንዳለው አስታወሰ። ኤሌክትሪሻኑ በር ላይ ቆሞ ሊናገር አሰበና ተወው፤ «እማማ፣ ይቅርታ» ብቻ ብሎ ወጣ።

ለማን ነግሮ ለማን እንዳልነገረ እንዴት ይወቅ? ወሬዋ ከእሱ አፍ ወጥታ ስንት አፍ ዞራለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይናገራል። ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ፣ መቀሱን ይዞ፣ «ያቺን የአማቴን ታሪክ ሰምተሃል?» ይላል። የሰማው «አዎ፣ ድገማት!» ይላል። «ውሸት ናት» ይለዋል። ያልሰማው ደግሞ «የምን አማት?» ይላል፤ ለእሱ መጀመሪያ ውሸቷን አውርቶ፣ ቀጥሎ እሷኑ ማፍረስ ግድ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰው የመጣው ፀጉሩን ሊቆረጥ እንጂ የሰው ኃጢአት ሊሰማ አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያወጣል። ቀጭኑ ከጎን ሆኖ መጀመሪያ ሳቀ፤ ስፖንጇ የምን ስፖንጅ እንደነበረች ሲሰማ ለብዙ ሰው አንገት አዘነ፤ በኋላ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራ ጀመር።

ወፍራሙ ሹፌር የመጣ ዕለት ሱቁ ሙሉ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሰው እስኪቀንስ ሊጠብቅ አሰበ። መጠበቁ ምን እንደሆነ ራሱ ስላወቀው አልጠበቀም። ድምፁን ሳይቀንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፤ የዓሦቹን ሽታ ሊያጠፉ ነፉ ያለውን እሱ እንደፈጠረው፣ ስፖንጁን፣ ሐሙስን፣ ሻርፑን ሳይቀር። የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነው።

ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«የመጀመሪያዋ ትሻል ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ትሻል ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔ ደግሞ ‹ይንፉልኝ› አልኳቸው፤ እሳቸውም እኮ ሳቁ።»

«ሳቁ፣ አዎ።»

ሹፌሩ ጨርቁ ሥር እጁን አንቀሳቀሰ፤ ፊቱን ሊያብስ ፈልጎ አልቻለም። «ታዲያ ሄዱ?»

«አልሄዱም።»

«ታረቁህ ማለት ነው?»

«እሱንም አላሉ። ትናንት ጉልበታቸውን ተቀቡ፤ ቤቱ ሁሉ ቅባት ቅባት ሸተተ። ሌላ አላውቅም።» አገጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀና አደረገው። «አትነቃነቅ። ጆሮህ ጋ ደርሻለሁ።»